በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ለመሮጥ፦ ከደባርቅ እስከ ቧሂት ጫፍ

ይህ መመሪያ ለሁለት ሰዓት ያህል ሳይቸገር መሮጥ ለለመደና አሁን ደግሞ ከአስፋልቱና ከእንጦጦ ጫካ ወጥቶ በሰሜን ተራሮች አፋፍ ላይ ለመሮጥ ላሰበ ሰው የተዘጋጀ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 በሕግ ተቋቁሞ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መጀመሪያ ከተመዘገቡት ጥቂት ቦታዎች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2017 ድረስ ግን የዱር እንስሳቱ በመመናመናቸው፣ እርሻውና ግጦሹም በመስፋፋቱ፣ አደጋ ላይ ከወደቁ ቅርሶች ተርታ ተመድቦ ቆይቷል። ከዚያ መዝገብ የወጣው ብዙ ሰው ዋጋ ከፍሎበት ነው፤ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። እዚህ የሚሮጥ ሰው የሩጫውን ዕቅድ ሲያወጣ ፍጥነቱን የሚወስኑት ከፍታው፣ አብሮት የሚጓዘው ስካውት (የታጠቀ አጃቢ) እና በመንገዱ ላይ የሚያገኛቸው እንስሳት መሆናቸውን ከወዲሁ መቀበል ይኖርበታል። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

1. ወቅቱን መምረጥና የአካባቢውን ሁኔታ ማጣራት

ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ክረምት ለሩጫ አይመችም፤ ጥቁሩ አፈር ውሃ ሲጠጣ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፣ ጭጋጉም አፋፉ የት እንደሚያበቃ እስከማይለይ ድረስ ይወርዳል። በእኔ አስተያየት ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ያሉት ሳምንታት ከሁሉም ይበልጣሉ፤ ሰማዩ ጠርቶ፣ ሣሩ ገና ሳይደርቅ፣ ምንጮቹም ሳይነጥፉ ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ጥር ድረስ ቀኑ ብሩህ ቢሆንም ሌሊቱ ከዜሮ በታች ስለሚወርድ መሬቱ ውርጭ ለብሶ ያድራል። ከየካቲት በኋላ መሮጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ሣሩና አስታ የተባለው የደጋ ዛፍ ደርቀው ስለሚቆዩ የእሳት አደጋ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የተነሣውን ቃጠሎ ለማጥፋት ከእስራኤል ባለሙያዎች እስከ መምጣት የተደረሰበትን ጊዜ ብዙዎች ያስታውሱታል።

ከወቅቱ ባልተናነሰ ሁኔታ መጣራት ያለበት የጸጥታው ጉዳይ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የዘለቀው ግጭት መንገዶችን አንዴ ሲያዘጋ አንዴ ሲያስከፍት ስለቆየ፣ የአውሮፕላንም ሆነ የአውቶቡስ ትኬት ከመቁረጥዎ በፊት ወደ ፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይደውሉ፤ ከጎንደር ደባርቅ ዘወትር የሚመላለሱ ሾፌሮችንም ይጠይቁ። የሁለቱ መልስ ካልተስማማ ጉዞውን ማዘግየት ይሻላል።

2. ደባርቅ ላይ የሚጠናቀቁ ጉዳዮች

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በምትገኘው በደባርቅ ከተማ ውስጥ ነው። የመግቢያና የድንኳን ክፍያ የሚፈጸመው፣ ስካውት የሚመደበው፣ አስጎብኚ፣ አብሳይና ባለበቅሎ የሚገኘውም እዚያው ነው። ክፍያው ለኢትዮጵያውያንና ለውጭ ዜጎች የተለያየ ስለሆነ፣ ከአሜሪካ፣ ከእስራኤል ወይም ከዓረብ አገራት የሚመጣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን ይዞ ቢቀርብና የትኛው ተመን እንደሚመለከተው አስቀድሞ ቢጠይቅ ክርክር አይገጥመውም።

ለሯጭ ትልቁ ጉዳይ የስካውቱ ነው። ማንኛውም ጎብኚ መሣሪያ የታጠቀ ስካውት አብሮት እንዲጓዝ ይጠበቅበታል፤ ስካውቶቹ የተራራው ልጆች በመሆናቸው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው ይዘው፣ በላስቲክ ጫማ ዳገቱን ሲወጡት ከብዙ ሯጭ ይቀድማሉ። በሜዳውና በቁልቁለቱ ላይ ግን ጠመንጃ የተሸከመ ሰው አብሮ ይሩጥ ማለት አግባብ አይደለም። ስለዚህ መሮጥ እንደሚፈልጉ ለጽሕፈት ቤቱ በግልጽ ይንገሩ፤ ከዚያም ከስካውቱ ጋር ቁጭ ብለው በየት በየት እንደሚገናኙ ይስማሙ። ጥሩ ሆኖ ያገኘሁት አሠራር እንዲህ ነው፦ ስካውቱ በተለመደው እርምጃው ይጓዛል፤ እርስዎ ደግሞ ዓይን እስከሚደርስበት ቦታ ሮጠው ይመለሱና ከእርሱ ጋር ጥቂት ተራምደው እንደገና ይሄዳሉ። ስካውቱ አንድም ጊዜ ብቻውን አይቀርም፤ እርስዎም ከሚጓዘው ሰው ያላነሰ፣ እንዲያውም የሚበልጥ ኪሎ ሜትር ይሮጣሉ። ሁለተኛው አማራጭ ስካውቱ ቀደም ብሎ እንዲነሣና እርስዎ ከአስጎብኚው ጋር ሆነው እንዲደርሱበት ማድረግ ሲሆን፣ ይህ ግን የሚሠራው አስጎብኚው ራሱ ሯጭ ከሆነ ነው። ደባርቅ ውስጥ እንዲህ ያሉ ወጣቶች አሉና ቢጠይቁ ያገኛሉ። ሳይስማሙና ሳያስፈቅዱ ስካውቱን ጥሎ መሮጥ ግን ደንብ መጣስ ነው፤ አንድ ነገር ቢደርስብዎ ተጠያቂ የሚሆነውም ያ ሰው ነው።

ስካውቱ በዕድሜ ከገፋ «አባባ» ወይም «ጋሼ» ብሎ መጥራት፣ ምግብ ሲቀርብም አብሮ እንዲበላ መጋበዝ የቆየ ወግ ነው። የራሱን ስንቅ ይዞ እንደሚመጣ ወይም እርስዎ እንደሚያቀርቡለት ከመነሣትዎ በፊት ይነጋገሩ።

3. ሰውነትን ከከፍታው ጋር ማላመድ

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,850 ሜትር፣ ድንኳን የሚተከልባቸው ማደሪያዎች ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620፣ የቧሂት ጫፍ ደግሞ 4,430 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። በግጭ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,300 ሜትር ላይ ስለሚኖር ጅምር አለው፤ ይህ ግን ከሕመም ነጻ አያደርገውም። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ በቀጥታ የሚመጣ ሰው ግን ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን አዲስ አበባ ወይም ጎንደር፣ አንድ ሌሊት ደግሞ ደባርቅ ሳያድር ወደ ላይ መውጣት የለበትም።

ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርሱ የሚከተሉት ሕግ የመኝታ ቦታዎን በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ ነው። ቀን ላይ ከፍ ብሎ ሮጦ ዝቅ ብሎ መተኛት ይፈቀዳል፤ ይመከራልም። በመጀመሪያው ቀን ሳንቃበር ላይ አርባ ደቂቃ ያህል በጣም ቀስ ብለው ይሩጡ እንጂ ሌላ ነገር አይሞክሩ። መለኪያው ቀላል ነው፦ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ካቃተዎት ፍጥነቱ በዝቷል ማለት ነው። ሰዓትዎ የሚያሳየውን የአዲስ አበባ ፍጥነት ለማግኘት መታገል ቀኑን ያበላሻል፤ በዚህ ከፍታ ላይ የተለመደው ፍጥነት መቀነሱ የብቃት ማነስ ምልክት አይደለም።

አገር ቤት ያለ ሯጭ ከጉዞው በፊት ባሉት ሁለት ወራት በእንጦጦ ወይም በሱሉልታ ዳገት ላይ ቢለማመድ ይጠቀማል። ልምምዱ ግን ቁልቁለትንም ይጨምር፤ በሰሜን ተራሮች በሁለተኛው ቀን ሯጩን የሚያስቆመው አብዛኛውን ጊዜ በቁልቁለት የዛለ ጭን ነው።

4. የሚያዙ ዕቃዎች፣ ምግብና ውሃ

ጫማው ጥርሱ ጎላ ያለ፣ ጣትን የሚከላከል፣ አስቀድሞም የተለመደ ይሁን። በጀርባ ቦርሳዎ ውስጥ ዝናብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ ሙቀት የሚይዝ ሹራብ፣ ጓንት፣ ኮፍያ፣ የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ ፋሻ፣ የሕይወት አድን ጨው (ኦአርኤስ) እና ካርታው አስቀድሞ የተጫነበት ስልክ ከፓወር ባንክ ጋር ይኑሩ። ጠዋት ሲነሡ ፀሐይ ስላለች ጃኬቱን በቅሎው ላይ አስጭኖ መሄድ ያጓጓል፤ ነገር ግን በቅሎው በሌላ መንገድ ስለሚሄድ ከቀትር በኋላ ከቆላው ተነሥቶ አፋፉን የሚሸፍነው ጭጋግ ሲመጣ እርስዎ በላብ በራሰ ካናቴራ ይቀራሉ። የፀሐይ መከላከያ ቅባትም አይርሱ፤ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ ቅዝቃዜውም መቃጠሉን ያስረሳል።

ለምግብ በእኔ በኩል ከበሶ የሚስተካከል አላገኘሁም። በትንሽ ጨውና ማር የተበጠበጠ በሶ ከመነሣት አንድ ሰዓት በፊት ሆድን ሳይከብድ ኃይል ይሰጣል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር በኪስ መያዝ ይቻላል። በከፍታ ላይ የምግብ ፍላጎት ስለሚጠፋ ባይርብዎትም በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ይቅመሱ። ውሃ በሰዓት ግማሽ ሊትር ያህል ያስፈልጋል። ከጅንባር ወንዝም ሆነ ከሌላ ምንጭ የተቀዳውን ሳያክሙ አይጠጡ፤ ላዩ ላይ ከብት ይሰማራል። ውሃ በዚህ ከፍታ በ88 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ስለሚፈላ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያቆዩት፤ ወይም የማከሚያ እንክብል ወይም ማጣሪያ ይጠቀሙ።

5. መንገዱን በየቀኑ መከፋፈል

በመጀመሪያው ቀን ከደባርቅ እስከ ሳንቃበር በመኪና ተጉዘው ቀሪውን ሰዓት ለመላመድ ያውሉታል።

በሁለተኛው ቀን ከሳንቃበር ወደ ግጭ የሚወስደው መንገድ አፋፉን ተከትሎ በአስታ ጫካ ውስጥ ያልፋል፤ የጅንባር ፏፏቴ ወደ ገደሉ የሚወረወርበትን ቦታ ካሳየ በኋላ ወደ ወንዙ ይወርድና እንደገና ረጅም ዳገት ይወጣል። የእግር ተጓዥ ከአምስት እስከ ሰባት ሰዓት ይፈጅበታል። የሚሮጠው እስከ ፏፏቴው ያለው ክፍል ነው፤ ከወንዙ በኋላ ያለውን ዳገት እጅን ጭን ላይ አድርጎ መራመድ ይሻላል።

ሦስተኛው ቀን የጉዞው ሁሉ እምብርት ነው። ከግጭ ወደ እመት ጎጎ የሚወስደው ሜዳ ጓሳ የተባለው ረጅም ሣርና ጅብራ የተባለው ባለ ግንድ የደጋ ተክል የበዛበት፣ ለሯጭ እግር እጅግ የሚስማማ ለስላሳ መሬት ነው። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ በሦስት ጎኗ ገደል የሆነች ጫፍ ናት። ከእርሷ በእናትዬ በኩል 4,070 ሜትር ድረስ ወጥቶ ወደ ጨነቅ መውረድ ይቻላል። ለእግር ተጓዥ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚወስድ ስለሆነ በዚህ ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መነሣት ያስፈልጋል። ሯጭም ቢሆን የዕቅዱን ጊዜ ከተጓዡ ከሁለት ሦስተኛ በታች አድርጎ ባያሰላ እመክራለሁ፤ የሚያስቆም ነገር ብዙ ነው። ድካም ከተሰማዎት እመት ጎጎ ደርሰው ወደ ግጭ ይመለሱና አንድ ሌሊት ይጨምሩ።

በአራተኛው ቀን ከጨነቅ ወደ ቧሂት ያለው 800 ሜትር ያህል መውጣት በአብዛኛው የእርምጃ ሥራ ነው። ጫፉ ላይ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። በዚህ ቀን ራስ ምታት ይዞት የተነሣ ሰው ጨነቅ ላይ ይቆይ። ወደ ራስ ደጀን መቀጠል ለሚፈልግ ግን መንገዱ ወደ መሸሃ ወንዝ በጥልቀት ወርዶ እንደገና የሚወጣ፣ ተጨማሪ ቀናት የሚጠይቅ ስለሆነ፣ ራሱን የቻለ ዝግጅት ይሻል።

6. በአፋፍና በጓሳ ላይ የሚሮጥበት ስልት

በሰሜን ተራሮች ላይ ለቁርጭምጭሚት ከድንጋዩ ይልቅ የሚያሰጋው የአይጥ ጉድጓድ ነው። የጓሳው ሣር ከላይ ተጎንብሶ ስለሚሸፍነው ቀዳዳው አይታይም፤ አፉ የጫማ አፍንጫ የሚያስገባ፣ ዙሪያው አዲስ የተጫረ ጥቁር አፈር የተከመረበት ነው። እንዲህ ያለ አፈር ባዩበት ቦታ ሁሉ ከሥሩ ያለው መሬት የተቦረቦረ መሆኑን ይወቁና ወደ ተረገጠው መንገድ ይመለሱ። በተረገጠው መንገድ መቆየት ለእግር ደኅንነት ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ እነዚያ አይጦች የቀይ ቀበሮ ምግብ ናቸው፣ በአቋራጭ የተረገጠ ሣርም በዚህ ብርድ ውስጥ ቶሎ አያገግምም። ጅብራ አበባ የሚያወጣው ብዙ ዓመት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ይደርቃል። ግንዱን እየተደገፉ መውጣት ወይም ቅጠሉን መቁረጥ የዚያን ሁሉ ዓመት ልፋት ማጥፋት ነው።

አፋፍ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ ይቁሙ፣ ከዚያ ይመልከቱ። እየሮጡ ወደ ገደሉ መመልከት እዚህ ከሚፈጸሙ ስሕተቶች ሁሉ የከፋው ነው። ሣሩ ከጠርዙ አልፎ ስለሚንጠለጠል ጠንካራ የሚመስለው መሬት ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ከጠርዙ ጥቂት ሜትሮች ራቅ ብለው ይሩጡ፣ ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ይራመዱ። በቁልቁለት እርምጃዎን አሳጥረው፣ ጉልበትዎን ዘና አድርገው፣ ዓይንዎን ከአራት አምስት ሜትር ፊት ለፊት ያሳርፉ። ጭጋግ ከመጣ ካሉበት ይቁሙ፤ በፊሽካ ስካውቱን ጠርተው አብረው ይራመዱ።

ጭነት የያዘ በቅሎ በጠባብ መንገድ ሲመጣ ወደ ተራራው ጎን ተጠግተው ያሳልፉት፤ በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጭነቱ ገፍቶ ሊጥለው ይችላል። እረኞችን ሲያገኙ ሩጫውን አቁመው ሰላምታ ይስጡ። ድንገት እየሮጠ የሚመጣን ሰው ውሻ ሌባ አድርጎ ያየዋልና፣ ውሻ ከመጣብዎ ቆመው ባለቤቱን ይጥሩ፤ ጀርባዎን ሰጥተው አይሩጡ። ከነከሰዎት ቁስሉን ለአሥራ አምስት ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም። ይኸው በሽታ የቀይ ቀበሮን መንጋ ስለሚፈጅ የራስን ውሻ ወደ ፓርኩ ማምጣት ፈጽሞ አይገባም።

7. ከእንስሳቱ ጋር

ጭላዳዎች ሌሊቱን በገደሉ ግድግዳ ላይ ባሉ እርከኖች አድረው ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣሉ። ስለዚህ ማለዳ አፋፉን ተከትሎ የሚሮጥ ሰው መንጋው ከገደል ብቅ ከሚልበት ቦታ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ወንድ ይወጣና ዙሪያውን ያያል፤ ቀጥሎ ልጆቻቸውን በጀርባቸው ያዘሉ እናቶች ይከተላሉ። በዚያች ሰዓት ሰው እየሮጠ ቢደርስባቸው ወደ ገደሉ ተመልሰው ይሸሻሉ፤ የጠዋት ግጦሻቸውም ይስተጓጎላል። ከርቀት ሲያዩአቸው ወደ እርምጃ ይቀይሩ፣ ቢያንስ ሃያ ሜትር ርቀው በሜዳው በኩል ይዙሩ፣ በመንጋውና በገደሉ መካከል አይግቡ። ከንፈሩን ወደ ላይ ገልብጦ ድዱን የሚያሳይ ወንድ እየዛተ ነውና ወደኋላ ይበሉ። ምግብ መስጠት በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

ዋልያ በዓለም ላይ ከእነዚህ ተራሮች በቀር በዱር የትም አይገኝም። በጨነቅ ዙሪያ ጠዋት ጠዋት የመታየት ዕድሉ ሰፊ ስለሆነ የቧሂትን ዳገት ሲጀምሩ ድምፅዎን ዝቅ አድርገው ይራመዱ፤ ካዩ በኋላ ለፎቶ ብለው አይከተሉ። ቀይ ቀበሮ ደግሞ አይጥ የሚያድነው በቀን ስለሆነ፣ ከሩቅ አጎንብሶ ሲሄድ ካዩት እስኪያልፍ ይጠብቁ። በድምፅ ማጉያ ሙዚቃ ማሰማት፣ ያለ ፈቃድ ድሮን ማስነሣት፣ ሲጋራም ሆነ እሳት መለኮስ አይገባም።

8. ችግር ሲያጋጥም

ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከማዞር ወይም ከከባድ ድካም ጋር ከመጣ የከፍታ ሕመም ነው ብለው ይውሰዱት። ሩጫውን ያቁሙ፣ ከፍ አይበሉ፤ በአንድ ቀን ካልተሻለዎት ይውረዱ። ቀጥ ባለ መስመር መራመድ ያቃተው፣ ንግግሩ የተምታታ ወይም ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ግን አንዲት ሰዓት እንኳ ሳይዘገይ፣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ አለበት፤ ብቻውንም አይላክ። የስልክ ኔትወርክ በብዙ ቦታ ስለሌለ ከመነሣትዎ በፊት መኪና እንዴት እንደሚጠራ ከአስጎብኚው ጋር ይወስኑ። ሳንቃበርና ጨነቅ በጥርጊያ መንገድ ከደባርቅ ጋር የተገናኙ በመሆናቸው መኪና ይደርሳቸዋል፤ ግጭ ግን መንገድ ስለሌላት የታመመ ሰው በበቅሎ ወይም በቃሬዛ ነው የሚወጣው። ደባርቅ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ የሚያልፍ ጉዳት ጎንደር ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይላካል። ለከፍታ የሚታዘዘውን አሴታዞላማይድ መውሰድ የሚያስብ ሰው ደግሞ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ያማክር።

9. ከወረዱ በኋላ

ያወጡትን ቆሻሻ ሁሉ፣ የብስኩት ላስቲክና የቴምር ፍሬ ሳይቀር፣ ወደ ደባርቅ ይመልሱት። የስካውቱን፣ የአስጎብኚውንና የባለበቅሎውን ሂሳብ በእጃቸው ይክፈሉ። ቀይ ቀበሮ ወይም ዋልያ ካዩ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ለጽሕፈት ቤቱ ይንገሩ፤ የሞተ ወይም የታመመ እንስሳ ካዩ ደግሞ ሳይነኩት በዚያው ቀን ያሳውቁ። ከወረዱ በኋላ የማይለቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከቀጠለ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ከመቀጠልዎ በፊት ጎንደር ላይ ይመርመሩ።